ፉጨቱ

ፉጨቱን ሲሰማ ከሞተሩ የመጣ መሰለው። ሹፌሩ አዲሱ ገበያ ተራ ይዞ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄዱ ሰዎችን እየጠራ ነበር። መኪናዋ አንዴ ከጠፋች ሳትገፋ ስለማትነሳ፣ ጠዋት አስነስቶ እስኪመሽ አያጠፋትም። ጥቁር ጭሷ በተከፈተው በር ይገባ ነበር። ሚስቱ ሳምንቱን ሙሉ ስትስል የከረመችውን ሕፃን ልጃቸውን በነጠላ ሸፍና ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች፤ ጤና ጣቢያ ሊያደርሳቸው ነበር።

"ሁለት ሰው ብቻ ቀረኝ፤ ትንሽ ታገሺኝ" አላት።

"ወንድሜ፣ ይቺን መኪና ጡረታ አታወጣትም እንዴ?" አለው ጋቢ የታቀፈ ሸማኔ። ተሳፋሪዎቹ እየሳሉ ሳቁ።

ፉጨቱ ቀጭን ነበር። ይረዝማል፣ ቁርጥ ይላል፣ እንደገና ይጀምራል። ሹፌሩ የሞተሩ ቺንጋ ሊበጠስ ነው ብሎ ስለፈራ፣ ሳይወድ ቁልፉን አዞረና አጠፋት። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ፉጨቱ ግን አልቆመም። ሸማኔው ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ሹፌሩ ድምፁን እየተከተለ በወንበሮቹ መሃል ሄደ፤ ሚስቱ ጋ ሲደርስ ነጠላውን ገለጠው። የልጅቷ ከንፈር አመድ መስሏል።

"ውረዱ እንግፋለት!" አለ ሸማኔው።

"መኪናዋን እንዳታስነሳት፣ ጭሱ!" ብላ ሚስቱ ጮኸች።

ሹፌሩ ቁልፉን እዚያው ትቶ ልጅቷን ታቀፈና ዳገቱን በእግሩ ሮጠ። ጆሮውን አፏ ላይ አስጠግቶ፣ ፉጨቱ እንዳይቆም እየለመነ ነበር።