የመጀመሪያው ጉርሻ

ከባሕሩ በአንድ ክንድ ብቻ ከፍ ባለችው ደሴት፣ ከባሕር ውስጥ ከኮራሉ ድንጋይ መሀል የተያዘ ትልቅ ዓሣ ቀድሞ የሚቀርበው ለሽማግሌ ነው። የልጅቱም አያት ብቻቸውን ይበላሉ፤ ቤተሰቡ ነግቶ ተራው እስኪደርስ ምራቁን ይውጣል።

«ሽማግሌ ይከበር፣ እሺ፤ የእኛ ሆድ ግን ምን አጠፋ?» ትላለች ልጅቱ።

«አፍሽን ያዢ» ትላታለች እናቷ።

ያን ቀን እናቷ የተጠበሰውን ቀይ ዓሣ ከድና ውኃ ልትቀዳ ወጣች። አያቷም መስጊድ ነበሩ። ልጅቱ ክዳኑን ገለጥ አደረገችና ከጉንጩ ቆንጠር፣ ከሆዱ ቆንጠር እያደረገች አጣጣመችው። ሲበቃት ቆዳውን እንደ ጨዋ ልጅ መልሳ አለበሰችው።

አመሻሽ ላይ አያቷ ገብተው ሳህኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ማነው የነካው?»

«አባባ፣ ንጉሥም እኮ ቀማሽ አለው» አለች እየሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም። እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ ቀድመው ይቀምሱልን የነበሩት ድመቶች በዓሣ መርዝ ካለቁ ወዲህ ቀማሹ እኔ ነኝ። ያረጀ ይቅደም ብዬ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መርዙ ቀድሞ የሚያደነዝዘው ከንፈርን ነው። እስቲ ከንፈርሽን ንከሺው፤ ያምሻል?»

ነከሰችው። ደሙ ጨው ጨው አላት። ሕመሙ ግን ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልመጣም።