አረንጓዴው መጋረጃ

አሮጌዋ የዳቦ መኪና ወደ ሰፈሩ ስትታጠፍ ከሪማ መጀመሪያ ያየችው የኋላ የጎን መስኮቶቿን ነበር። የሌሎቹ ዳቦ ማከፋፈያዎች ጎን ድፍን ላሜራ ነው፤ በደሴ መስታወት ያላት ይቺ ብቻ ቀርታለች። ረጅም ስለሆነች ሰፈርተኛው የሞተ ሰው ጀናዛ ከሆስፒታል የሚያመጣው በእሷ ነው። ባለቤቷ ጋሽ በላቸው ለዚያ ሲነሱ የመስኮቶቹን አረንጓዴ መጋረጃ ይዘጋሉ። አሁን ግን መጋረጃው ተከፍቷል፤ በአንዱ መስታወት የገባው ፀሐይ በሌላው ወጥቶ የከሪማ ቤት ግድግዳ ላይ አርፏል። ባሏ ሚስባህ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቷልና መጋረጃው ክፍት መሆኑን አይታ «አልሀምዱሊላህ» አለች በልቧ።

ጋሽ በላቸው ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ።

«ልብስ ደርቢና ነይ። ሚስባህ ትምጣልኝ ብሏል።»

«ደህና ነው? በአላህ ይንገሩኝ!»

«ዳቦዎ ጥርስ ይሰብራል እያለ ሲቀልድብኝ ነበር።»

ከሪማ ሳቀች። ይህ በእርግጥ የሚስባህ ቀልድ ነው። ያፈላችለትን አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ጋሽ በላቸው ግን ወዲያው አልገቡም። ወደ ኋላ ዞረው ባዶዎቹን የዳቦ ሳጥኖች አወረዱና ግድግዳው ሥር ደረደሯቸው። ከዚያ ቀለበቶች በሽቦ ላይ ሲንሸራተቱ ተሰማት። ግድግዳው ላይ አርፎ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

ተመልሰው መሪውን ሲይዙ ከሪማ ፔርሙዙን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ታያቸው ነበር። ጋሽ በላቸው እጃቸው ምን እንዳደረገ ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

«ጋሽ በላቸው» አለች በቀስታ፣ «መጋረጃውን ለምን ዘጉት?»