ለጀዊሪያ የተቀዳ ምት

«መልሰውማ» አለችው ጀዊሪያ፣ ገና ግማሹ እንኳ ሳያልቅ።

ዒምራን ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነው። ይሄ ሦስተኛው ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለሌለ ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ማራገቢያው ቆሞ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቁ እንደ ምድጃ ግሏል። ቆቦ በዚህ ሰዓት ውሻ እንኳ መንገድ አያቋርጥባትም። አክስቱ ጀዊሪያ የተሰበረ ቀኝ እጇን በሻሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ምንም አይናገርም።

እህቱ ነሲባ እሑድ ትዳራለች። በዚህ ቤተሰብ ደግሞ ጀዊሪያ ድቤ ሳትመታላት፣ ዘፈን ሳታወጣላት የተዳረች ሴት የለችም። ድሮ ከዋጃም ከጎብዬም እየመጡ ይወስዷት ነበር። ከወደቀች ወዲህ ግን ድቤው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ጎረቤቶች ሊመቱላት ሞክረው ነበር፤ አልጣማትም፣ መሃል ላይ አቋርጣ ተነሳች። አጎቶቹም ሞንታርቦ የሚያከራይ ሰው እናምጣ ብለው ጨርሰዋል። ያን ጊዜ እሷ እንደማንኛውም እንግዳ ጥግ ይዛ ልትቀመጥ ነው።

ይህ ነገር ዒምራንን አንገበገበው። የድቤውን ምት እኔ በካሴት እሠራልሻለሁ አላት። ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ሁሉንም ነገር መጠገን የሚችል ይመስለዋል።

ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ከአንድ የአፋር ነጋዴ በሬዲዮ የለወጠው አሮጌ የሙዚቃ ኪቦርድ አለው፤ ሦስት ቁልፎቹ ድምፅ አይሰጡም። በቀሩት ወፍራሙን ምት አወጣ፤ ከዚያ በባለ ሁለት ካሴቱ ቴፕ አንዱን እያጫወተ በሌላው ሲቀዳ የራሱን ጭብጨባ አሥር ጊዜ ደራረበበት። የአሥር ሰው ጭብጨባ ሆነለት። ጓደኛው ሄኖክ ሰማና ያዘግማል፣ የዘንድሮ ሰው እንዲህ አይጨፍርም አለው። ዒምራን አመነው። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ፈጠን አድርጎ ቀዳው።

ቴፑ እየሠራ ጀዊሪያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዒምራኔ፣ ድካምህን አላህ ይቁጠርልህ። ግን ይሄ ሰው ያባርራል እንጂ አያጫውትም። እኔ የት ጋ ልግባ? አፌን ስከፍት አልፎኝ ይሄዳል።»

«ትለምጂዋለሽ አክስቴ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ከመኪና ጋር አልሽቀዳደምም፣ ልጄ።»

የሁለት ሳምንቱ ድካም ያን ጊዜ ነው የመጣበት። መጀመሪያ ሄኖክን በልቡ ረገመ፤ ቀጥሎ ሄኖክን ያመነውን የገዛ ጭንቅላቱን። እንደገና እንዳይቀዳ ኪቦርዱ ያለ መብራት አይሠራም፤ መብራቱ ከእሑድ በፊት መምጣቱን አላህ ይወቅ። ለአጎቶቹ ደውዬ ባለ ሞንታርቦውን አምጡ ልበላቸው ብሎ አሰበ። ስልኩን ከኪሱ ማውጣት እንኳ ከበደው። ቴፑንም አላጠፋውም፤ ዝም ብሎ ይለፈልፋል። ጀዊሪያ ወሬ ለመቀየር የነሲባ ልብስ ተሰፍቶ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀችው። መጥቷል አላት።

ለውጡን መጀመሪያ አላስተዋለውም። ካሴት ሲያጠነጥን የዋለው ባትሪ እየደከመ ነበር። ምቱ ቀስ በቀስ ወፈረ፣ ከበደ፤ በአንዱ ጭብጨባና በሌላው መሃል ትንፋሽ የሚያህል ቦታ ተከፈተ። ዒምራን አፈረ። በባለሙያ ፊት እንዲህ ያለ ድምፅ አይሰማም ብሎ ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለችው ጀዊሪያ።

እግሯ ሲሚንቶውን መታ። ጠበቀች። ደግማ መታች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ገባች፤ ሲጀምር ማንጎራጎር ነበር፣ ቀጥሎ ግን ስንት የሙሽራ እናት ያስለቀሰው ያ ድምፅ መጣ። የነሲባን ስም ሰካችበት። የነሲባን አባት፣ የራሷን የሟች ወንድሟን ስም ሰካችበት። ዒምራን ደስ አለው፤ አባቱን በዚህ ድምፅ ሲጠሩት ከሰማ ስንት ጊዜው ነው። ፍጥነቱን ለመያዝ በጣቱ ጉልበቱን እየነካ መቁጠር ጀመረ።

ባትሪው ግን አልጠበቀውም። ምቱ ተጎተተ፣ አቃሰተ፣ ቆመ።

እሷ አልቆመችም። ዓይኗን እንደጨፈነች ግጥሙን ወደሚቀጥለው ወሰደችው፤ ምቱም አልተቋረጠም። ዒምራን ከየት እንደሚመጣ ግራ ገብቶት ወደ ቴፑ አየ፣ ወደ እግሯ አየ። ግራ እጇ ነው። በዕድሜዋ አንድም ቀን ድቤ መትቶ የማያውቀው ግራ እጇ ጭኗ ላይ ይወርዳል፣ ትንሽ ይዘገያል፣ ደግሞ ይወርዳል።