ምሳ በማንኪያ

እትዬ ዘነቡ ለማተሚያ ቤታችን የቀጠሩት የመጀመሪያው የጦር ጉዳተኛ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። ቀኝ እጁን ያጣው ግንባር ላይ ነበር። እኛ ምሳ ዕቃችንን አንድ ትሪ ላይ ገልብጠን አብረን ስንበላ፣ እሱ በግራ እጁ ከማዕድ መቁረስ እያፈረ ጓሮ ብቻውን ይበላ ነበር።

ሁለተኛው፣ ሃምሳ አለቃ ቢተው፣ እሱም ቀኝ እጅ የለውም። ሥራ ሊጀምር ሲል እትዬ ማንኪያ ገዝተው ለሁላችን አደሉን።

"ይኼም እንዳይሄድብኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም በማንኪያ ነው የምንበላው፤ እጁን ትክ ብሎ የሚያይ ወዮለት" አሉን።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። እንጀራው በማንኪያ አልቆረጥ አለን፤ ሽሮው የእትዬ ነጠላ ላይ ተንጠባጠበ። ሃምሳ አለቃ ማንኪያውን እንደያዘ አንድ በአንድ አየን። ከዚያ ወደ እትዬ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እትዬ፣ የሁላችሁንም እጅ ምን ነካው?" አላቸው።

ማንኪያውን አስቀመጠና በግራ እጁ ቆርሶ፣ ሽሮውን ጠቅልሎ ወደ እትዬ ዘረጋ። እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። እኛም ማንኪያችንን ደብቀን ተራችንን ጠበቅን።