ፊቷ ብቻ የሚታይበት ካሴት

ጉግሳ አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ሲያራግፍ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ውሎው የወልደየሱስ ቪዲዮ ቤት ሆኗል። ጀሶ የገባች እግሩን ባዶ ሳጥን ላይ ይሰቅልና፣ በካርቶን ቁራጭ እያራገበ ፊልም ያያል።

ወልደየሱስ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። አፉን ከከፈተ ወሬው ካሜራ ነው።

«ፊት ብቻ ካሳየህ ክሎዝ አፕ ነው። ሰውየውን ከነቆመበት ቦታ ካሳየህ ሎንግ ሾት። ከፍሬም ውጪ ያለ ሰው ደግሞ ድምፁ ይሰማል እንጂ አይታይም። ሌላው፣ መጀመሪያ የሆነው ነገር የግድ መጀመሪያ አይታይም። ፊልሙን ቆራጩም ቀጣዩም እኔ ነኝ።»

ጉግሳ ትምህርት ያቋረጠው በጊዜ ነው። ይሄን ግን ቶሎ ያዘው፤ ጉዳይ ነበረበት። ሚስቱ ጥላነሽ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ኮምቦልቻ ሄዳለች። የተሳቢ ሾፌሩ ሀብቴ፣ የልብ ጓደኛው፣ የወልደየሱስን ካሜራ ተውሶ በመንገዱ ይቀርፃታል። ወልደየሱስ ደግሞ ወደ ቪዲዮ ካሴት ይገለብጥለታል።

የመጀመሪያው ካሴት የመጣው ጉግሳ ከመውደቁ በፊት ነው። ጥላነሽ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ፣ «ጉግዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስብ» አለች። ደጋግሞ አየው።

ሁለተኛው እግሩ ከተሰበረ በኋላ መጣ። ያው ቢጫ ቀሚስ፣ ያው ትኩስ ሹሩባ፤ ይሄም ክሎዝ አፕ ብቻ ነው። «ጎረቤቶቹን ሰላም በልልኝ» አለች። ስለ እግሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

«ሀብቴ አልነገራትም እንዴ?»

«ነግሯታል» አለ ወልደየሱስ፣ ካሴቱን እያጠነጠነ።

«ሆዷስ? ለምን ሎንግ ሾት አያነሳትም?»

«የተሳቢ ሾፌር ምኑን ያውቀዋል ብለህ ነው!»

ሦስተኛው ላይ ከፍሬም ውጪ የወንድ ሳቅ ተሰማ። ጥላነሽ ወደ ሳቁ ዞር ብላ፣ «ሂድ አንተ ቀልደኛ!» አለችና አፏን በእጇ ሸፈነች።

የሀብቴ ሳቅ ነበር።

ጉግሳ ውስጡ ተቃጠለ። ሀብቴ በመጣ ቁጥር ሹሩባ የምትሠራው ለማን ብላ ነው? ሆዷን የሚደብቁትስ ለምንድነው? ምናልባት ወልዳ ይሆን? ልጁ ሀብቴን ቢመስልስ?

ሀብቴም ተለውጧል። ድሮ ገና ከበር ሲገባ የሚቀልደው ሰውዬ አሁን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያወራው። የሀብቴ ሚስት ባዩሽ ምሳ ታመጣለትና ሳህኑን አስቀምጣ ትሮጣለች። ጉግሳ በክራንች ብቅ ሲል የሰፈሩ ወሬ ቀጥ ይላል። አገር ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

«ወልደየሱስ፣ በማርያም፣ የምታውቀውን ንገረኝ።»

«ጀሶው ይውለቅ» አለ ወልደየሱስ፣ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ። «ያኔ ሁሉም ይነገርሃል።»

ጀሶው ወለቀ። ጉግሳ እያነከሰ በቀጥታ ወደብ በር ሄደ። ሀብቴ ከተሳቢዎቹ ሰልፍ መሀል ጎማ እየፈተሸ ነበር።

«ስማ! ለጥላነሽ ንገራት!» ብሎ ጮኸ፣ ሾፌሩም ኩሊውም እየሰማ። «ሹሩባዋንም ቢጫ ቀሚሷንም ላንተ ትቼልሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሚስቴ አይደለችም። ብትሞት እንኳ አልቀብራትም!»

ሀብቴ አልካደም። አልተቆጣም። ጎማው ሥር ቁጭ አለና ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ።

የጥፋተኛ ለቅሶ ነው አለ ጉግሳ በልቡ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። ውጪ ካወጣው አልጋ ተነስቶ ከፈተ። ሀብቴና ወልደየሱስ፣ ከእነሱ ጋር የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ጉግሳ ገባው፤ ይቅርታ ሊያስጠይቁ መሆኑ ነው።

«ለዕርቅ ከሆነ ተመለሱ» አለና በሩን ሊዘጋ ገፋ አደረገው።

ሽማግሌዎቹ ገለል አሉ። ከኋላቸው ባዩሽና የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ፤ ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል።