የቡሄው ጅራፍ

ወረታ ጤና ጣቢያ የመጣው የጎንደር ሐኪም ጣት የምታህል መብራቱን ይዞ የአለኸኝን ቀኝ ዓይን አተኩሮ ያይ ነበር። የጠፋውን ግራ ዓይን አንዴ አይቶ ትቶታል።

«አንተ ልጅ፣ የታመመው ወዲህ ነው!» አለ አለኸኝ ተቆጥቶ። «ወንድሜ የቡሄ ለት በጅራፍ ያጠፋው። ደኅናውን ምን አድርግ ትለዋለህ?»

ሐኪሙ መብራቱን አጠፋ። «ጅራፍ አይደለም ያጠፋው። ቀድሞ ጠፍቶ ኖሮ ያን ለት አወቁት እንጂ። ሳያም፣ ከውስጥ ቀስ እያለ የሚያጠፋ በሽታ ነው፤ ቀኙንም ጀምሮታል። ደግነቱ በጊዜ መጡ፣ ጎንደር ይታከማሉ።»

አለኸኝ ዱላውን ጨበጠ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የወንድሙን ደጅ አልረገጠም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባውን ሰጥቶት ነው የሚቀመጥ።

«በሽታው በዘር ይመጣል» አለ ሐኪሙ። «ወንድምዎም ዓይኑ ሳይጠፋ ይታይ። አሁን የት አለ?»

ሰው ይኽን ሲጠይቀው «ወንድም የለኝም» ማለት ልማዱ ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው።

«ከብት ተራ ነው» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ልከህ አስጠራው። የላክሁህ እኔ መሆኔን ግን እንዳትነግረው።»