የመዝገብ ቤቱ ኮት

ኦዲተሩ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዛሬ ጀምሮ የመዝገብ ቤቱ በር በምሳ ሰዓት እንደሚዘጋ አስታወቁ። ፍርድ የሚያነቡ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ራሳቸው ሄደው ዘጉት። በሩ አልጋጠም ብሎ ተመልሶ ሲከፈት አንድ ወፍራም ፋይል አስደገፉበት።

ይህ ሁሉ ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሲባል ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ያወጣው የዕድገት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው ባሏ በተዛወረበት ከተማ ነው። ትንሿ ልጇ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው፤ ሰሞኑን ማንም ሳይደውል ስልኩን አንሥታ እየሳመች "አባዬ" ማለት ጀምራለች። የቢሮው ሰዎች ይህን ሲሰሙ አንድ ቃል ሆኑ። ቦታው የእህታችን ነው፣ እኛ አንፈተንም፣ ይልቅ እናስጠናታለን አሉ። ገንዘብ ያዡ እንዲያውም በዚህ ዕድሜዬ እንግሊዝኛ ምን ይሠራልኛል ብሎ ሆዱን መታ መታ አደረገ። በዕድሜ ከእሷ ያንሳል።

ፈተናው ስህተት ፈልጎ ማውጣት ነው። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር አራት ቦታ ተሰምሮበታል፤ ከአራቱ የተበላሸውን ትመርጣለህ። አምስተኛው ምርጫ "ስህተት የለም" ይላል። ጸሐፊዋ በዚህኛው አታምንም። "እንኳን ለማላውቀው ፈረንጅ፣ ለባሌም ስህተት የለበትም ብዬ መስክሬ አላውቅም" አለች።

ኦዲተሩ፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚሏቸው፣ በእርሳስ ጫፍ እየጠቆሙ አነበቡ። ዓረፍተ ነገሩ ከልጆቹ አንዱ ታሟል ለማለት ነበር፤ ግሱ ግን በብዙ ቁጥር ገብቶ ለልጆቹ ሁሉ ታድሏል።

"አየሽ ልጄ" አሉ፤ "መሀል ላይ የፈለገ ሰው ይግባ፣ ግሱ የአንዱ ነው። የቀሩት አጃቢዎች ናቸው። አጃቢ አይተሽ እንዳትደናገጪ።"

"አጃቢ ማለት እኛ ነን ጋሼ" አለ ገንዘብ ያዡ።

ሣቁ። እሷም ሣቀች፤ ከዚያ አልገባኝም ያለችውን አንድ ጥያቄ አወጣች። ጸሐፊዋ አየት አድርጋ፣ ይሄ አይመጣም፣ እለፊው አለቻት። የከበዳት ነገር ሁሉ አይመጣም። እስካሁን በሰጧት ተስፋ ከሄደ ፈተናው የሚያወጣው ጥያቄ አያገኝም።

ገጹን ልትገልጥ ስትል ሁለት ቅጠል አብሮ ተገለጠ። የመጣውን ጥያቄ ግማሽ ድረስ እንዳነበበች ገንዘብ ያዡ "ሐ" አለ። ገና ያልደረሱበት ገጽ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር የሆነ እግር የሆነ እግር ረገጠ።

"ገመትኩ" አለ ገንዘብ ያዡ።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሆድ ይፍጀው አለች። ቦርሳዋን በእግሯ ወደ ወንበሯ ሥር ገፋ አደረገችው። የዚህ መጽሐፍ ሁለተኛው ክፍል እዚያ ውስጥ ነው፤ አለ ወይ ብለው ሲጠይቋት ገበያ ላይ ጠፍቷል ብላቸዋለች። ለእኔ ብለው ከተውት ከማን ነው የምደብቀው ብላ ራሷን ጠይቃ ነበር። መልሱ ስላላማራት ጥያቄውን ዘለለችው።

ከኋላቸው፣ መስቀያው ላይ፣ ጥቁሩ ኮት አለ። ለቆ የሄደ አንድ ኃላፊ ጥሎት ነው ይባላል። ከዚህ ቢሮ ጉርድ ፎቶ የፈለገ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ እሱን ለብሶ መንገዱን ወደ ፎቶ ቤቱ ይሻገራል፤ ተነሥቶ ሲመለስ ለባለተራ ይሰቅለዋል። ኮሌታው ላይ ካውያ ያሳረረው ምልክት አለው። ለፈተናው ምዝገባ ባለፈው ሳምንት እሷም ለብሳዋለች፤ እጅጌውን ያጠፈችላት ጸሐፊዋ ናት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስትገባ ኮቱን አንዴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ አንዴ ቁልፎቹ ተቆልፈው ታገኘዋለች። ነፋስ ይሆናል ብላለች። ነፋስ ቁልፍ እንደማይቆልፍ ታውቃለች።

በሩ ተገፋ፤ ፋይሉ በደረቱ ወደቀ። ማዶ ያለው ፎቶ አንሺ ነው፤ አንድ ፖስታ ይዟል።

"የፈተናው ፎቶ ደርሷል" አለ። "ኮቱ አንድ ሆኖብኝ እኔም ረዳቴም ደባለቅነው፤ በየፊታችሁ ለዩት።"

የተከፈተው መጽሐፍ ላይ ደረደረው። አራት ፊት፣ አንድ ኮት፣ አራት ቦታ ያረረ ኮሌታ። ገንዘብ ያዡ ላይ ኮቱ አልገጠመም። ጸሐፊዋ ከንፈሯን ተቀብታለች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም አለችበት። መጨረሻው ላይ ጋሼ አሉ፣ ዓይናቸው ተጨፍኗል።

ፎቶ አንሺው ዝምታውን በሥራው እንዳልተደሰቱ ቆጠረውና ወደ ጋሼ ዞረ።

"እርስዎ ላይ ጥፋቱ የእኔ አይደለም ጋሼ። ዓይንዎ ተጨፍኗል፣ ልድገምዎት ብዬ ነበር። ሰው ሳያየኝ ልመለስ አሉኝ።"

ጋሼ ፎቷቸውን አንሥተው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። የቀሩትም የየራሳቸውን አነሡ፤ ማንም የሌላውን በስህተት አላነሣም። ፎቶ አንሺው ሲወጣ በሩን አልዘጋውም፤ የሚዘጋም አልተነሣም።

"ቀጣዩ" አሉ ጋሼ።

ገንዘብ ያዡ ከኪሱ እርሳስ አወጣ፤ የተቀረጸ ነው። ጸሐፊዋ ከጸጉሯ መሀል መዘዘች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም እርሳስ ፍለጋ ወደ ቦርሳዋ ጎንበስ አለች፤ ሁለተኛውን መጽሐፍ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አየት አደረጉት፤ ከየት መጣ ያላት ግን የለም።

ጋሼ ጥያቄውን አነበቡ፤ ማብራሪያ አልጨመሩም። አራቱም ጻፉ፤ የጻፉትንም በግራ መዳፋቸው ሸፈኑት።